ስሕተቱን የሚገዛ ባለሙያ

«ሰው ሆኖ የማይሳሳት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም» ይላል ተረቱ። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። የተሳሳተውን ሰው ያጽናናል፤ በተሳሳተው ሥራ የሚገለገለውን ሰው ግን አያጽናናም። ሐኪሙ ሰው በመሆኑ ሊሳሳት ይችላል፤ በሽተኛውም ሰው በመሆኑ ሊሞት ይችላል። ድልድዩን የቀየሰው መሐንዲስ፣ የመማሪያውን መጽሐፍ ያዘጋጀው መምህር፣ መዝገበ ቃላቱን ያጠናቀረው ሊቅ፣ ሁሉም በተረቱ ጥላ ሥር ሊጠለሉ ይችላሉ። ጥያቄው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። መሳሳት የማይቀር ከሆነ፣ የተሳሳተ ሰው ያለበት ግዴታ ምንድን ነው? ስሕተትስ የማን ንብረት ነው? የሠሪው የግል ጉድፍ ነውን? ወይስ በሥራው የሚጠቀሙት ሰዎች ሁሉ የጋራ ጉዳይ?

ጥያቄው ጥንታዊ ቢሆንም በ20ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ አዲስ ሥጋ ለብሶ ተነሥቷል። ምክንያቱም ኮምፒውተር የተባለው መሣሪያ የታዘዘውን እንጂ የታሰበለትን አይፈጽምም። ግጥም የሚያነብ ሰው አንዲት ቃል ብትጣመም ከዐውዱ ተረድቶ ያልፋታል። ደብዳቤ የሚቀበል ሰው የተዘለለውን ፊደል በልቡ ሞልቶ ያነባል። ኮምፒውተር ግን ልብ የለውምና የሰውን ጉድለት በይሉኝታ አይሸፍንም። ስለዚህ ለዚህ መሣሪያ ትእዛዝ መጻፍን ሙያው ያደረገ ሰው፣ ማለትም ፕሮግራመር፣ ከስሕተቱ ጋር በየዕለቱ ፊት ለፊት ይጋጠማል። ለሌሎች ሙያዎች አልፎ አልፎ የሚመጣው የህሊና ጥያቄ ለእሱ የዕለት እንጀራው ነው።

በዚህ ሙያ ውስጥ ጥያቄውን ከማንም በላይ አጥብቆ የያዘው ሰው አሜሪካዊው ዶናልድ ክኑዝ ነው። ፕሮግራመር፣ ደራሲና መምህር ሆኖ ከ60 ዓመታት በላይ ሠርቷል። ሕይወቱ የሚመረመረው ለአድናቆት ብቻ አይደለም። አንድ ባለሙያ ስሕተቱን ደብቆ ክብሩን ከመጠበቅና ስሕተቱን ገልጦ ሥራውን ከመጠበቅ የትኛውን መምረጥ እንዳለበት በተግባር የሚያሳይ ስለሆነ ነው።

* * *

ክኑዝ በ1938 በዊስኮንሲን ግዛት፣ በሚልዋኪ ከተማ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ የሉተራውያን ትምህርት ቤት መምህር ነበር፤ ከማስተማሩ ጎን ለጎንም አነስተኛ የኅትመት ሥራ ነበረው። ማስተማርና ማተም፣ ኋላ የልጁን ዕድሜ የተካፈሉት ሁለት ሙያዎች፣ ቀድሞውኑ በቤቱ ውስጥ ነበሩ።

በ1956 ክሊቭላንድ ወደሚገኘው የኬዝ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የገባው ፊዚክስ ለማጥናት ነበር። እዚያም አይ.ቢ.ኤም. 650 ከተባለ ኮምፒውተር ጋር ተገናኘ። ከመሣሪያው ጋር የመጣውን የመመሪያ መጽሐፍ ሲያነብ በምሳሌነት የቀረቡትን ፕሮግራሞች መረመረ፤ ከዚያ የተሻለ መጻፍ እንደሚቻልም ተሰማው። እንግዲህ የሙያ ሕይወቱ የተጀመረው የሌላውን ሥራ አንብቦ በመተቸት ነው። ይህንን ሊያደርግ የቻለውም ሥራው በግልጽ ታትሞ እጁ ስለገባ ነው። ከዓመታት በኋላ ዋናውን መጽሐፉን ሲያሳትም መታሰቢያነቱን የሰጠው ለዚያው መሣሪያ ነበር።

በ1960 ሲመረቅ የኢንስቲትዩቱ መምህራን ባደረጉት ልዩ ውሳኔ የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪውን በአንድ ጊዜ ተቀበለ። በ1963 ከካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ቤቱ ሆነ።

ተማሪ ሳለ፣ በ1962፣ አዲሰን ዌስሊ የተባለው አሳታሚ አንድ መጽሐፍ እንዲጽፍ ጠየቀው። የሰው ልጅ በሚረዳው ቋንቋ የተጻፈን ፕሮግራም ወደ መሣሪያው ቋንቋ ስለሚመልሱት አስተርጓሚ ፕሮግራሞች የሚያስረዳ፣ 12 ምዕራፎች ያሉት መጽሐፍ ታቀደ። በ1965 ክኑዝ በእጁ የጻፈው 3,000 ገጽ ደርሶ ነበር። አሳታሚው የገጹን ብዛት አስልቶ አንድ መጽሐፍ ይሆናል የተባለው ሥራ ወደ ሰባት ቅጾች ዕቅድ ተለወጠ። «የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ ጥበብ» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ የተሰጠው የዚህ ሥራ አንደኛ ቅጽ በ1968፣ ሁለተኛው በ1969፣ ሦስተኛው በ1973 ታተመ። በ1974 በሙያው ከፍተኛ የሆነው የቱሪንግ ሽልማት ለክኑዝ ተሰጠ።

ሽልማቱን ሲቀበል ያደረገው ንግግር በርእሱ ላይ ስለሚገኘው «ጥበብ» ስለሚለው ቃል ነበር። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ለመሣሪያ እስከማስተማር ድረስ አጥርተን ያወቅነው ነገር ሳይንስ ነው፤ ገና አጥርተን ያላወቅነውን ይዞ መሥራት ግን ጥበብ ነው። ስለዚህ ሳይንስ በገፋ ቁጥር ጥበብ አይሞትም፤ ወደ ፊት ይራመዳል እንጂ።

ይህ ክርክር ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በአማርኛ «ጥበብ» የዕውቀትንም የእጅ ሙያንም ትርጉም አቅፎ የኖረ ቃል ነው። ይሁንና ከዚሁ ሥር የበቀለው «ጠይብ» ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ፣ ጭቃ ለውሶ ማሰሮ ለሚያቀርበው ባለሙያ የንቀት መጠሪያ ሆኖ ዘመናት ቆይቷል። በአፉ የሚያውቀው ሲከበር በእጁ የሚያውቀው ተናቀ። ስሕተትን በተመለከተ ግን ከሁለቱ ይበልጥ ሐቀኛ ሆኖ የኖረው የተናቀው ነው። የሸክላ ሠሪዋ ማሰሮ ካፈሰሰ ገዢዋ በዚያው ዕለት ታውቃለች፤ በሚቀጥለው ገበያም ይዛው ትመለሳለች። የሊቁ መጽሐፍ ቢያፈስስ ግን ትውልድ ሁሉ ውኃ የያዘ መስሎት ሊሸከመው ይችላል። የማሰሮው ስሕተት ራሱን ያጋልጣል፤ የመጽሐፉን ስሕተት የሚያጋልጠው ሰው ነው። ሰውም የሚያጋልጠው ሲፈቀድለት ነው።

* * *

ክኑዝ ፈቃድ ከመስጠት አልፎ ዋጋ ከፈለ። በመጽሐፎቹ ውስጥ ስሕተት አግኝቶ በመጀመሪያ ለሚያስታውቀው ሰው ሽልማት እንደሚሰጥ በመጽሐፎቹ አሳወቀ። ጸንቶ የቆየው ዋጋ 2 ዶላር ከ56 ሳንቲም ነው። ቁጥሩ የሙያውን ቀልድ የያዘ ነው፤ አሥር ጊዜ አሥር መቶ እንደሆነ ሁሉ፣ በፕሮግራመሮች ዘንድ በተለመደው በ16 በሚቆጠር ስሌት 16 ጊዜ 16፣ ማለትም 256፣ እንደ መቶ ይጻፋል። እንግዲህ 256 ሳንቲም የፕሮግራመሮች «አንድ ዶላር» ነው ማለት ነው። ጠቃሚ የማሻሻያ ሐሳብ ለሚልክም 32 ሳንቲም ተመድቧል። ገንዘቡ ጥቂት ነው፤ ከክኑዝ እጅ የወጣ ቼክ ግን በሙያው ውስጥ እንደ ሜዳይ ስለሚቆጠር ብዙ ተቀባዮች ባንክ በመውሰድ ፈንታ በመስተዋት ገበታ አድርገው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። በ2008 የቼክ ማጭበርበር ስላሠጋው እውነተኛ ቼክ መላክ አቁሞ፣ በምናብ ብቻ በሚገኝ ባንክ ስም የተዘጋጀ የምስክር ወረቀት መስጠት ጀመረ። ሰዎች ግን ስሕተት መጠቆማቸውን አልተዉም፤ ይህም ሲፈለግ የነበረው ገንዘቡ እንዳልሆነ ያረጋግጣል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። «ስሕተት ላገኘ እከፍላለሁ» ማለት በትሕትና ልብስ የተሸፈነ ትዕቢት አይደለምን? ገበያ መሐል ቆሞ «ከእኔ ጋር የሚታገል ይምጣ» ከሚል ጎረምሳ በምን ይለያል? ተቃውሞው ቀላል አይደለም። በሥራው የማይተማመን ሰው እንዲህ ያለ ውርርድ እንደማይገባ እሙን ነው። ሆኖም ልዩነቱ በተሸናፊው ላይ ይታያል። ጎረምሳው ሲወድቅ ያፍራል፤ የጣለውንም ሰው ይቀየማል። ክኑዝ ሲሸነፍ ግን መጽሐፉ ይጠራል፤ ያሸነፈውም ሰው ይመሰገናል፤ የሚቀጥለው እትም አንባቢም ይጠቀማል። በዚህ ውድድር ተሸናፊ የለም። ኩራት ቢኖርበትም ኩራቱ እውነትን እንዲያገለግል ተቀጥሯል። ከሰው ልብ ኩራትን ነቅሎ መጣል ባይቻል እንኳ ሥራ ማስያዝ ይቻላል።

* * *

የክኑዝ ትልቁ ፈተና ግን የመጣው ከራሱ ስሕተት ሳይሆን ከማተሚያ ቤት ነው። የሁለተኛው ቅጽ ሁለተኛ እትም ሲዘጋጅ፣ በ1977፣ የእርማት ቅጂው ደረሰው። የቀድሞው እትም የእርሳስ ፊደል ተለቅሞ የታተመ ነበር። በዚያ ጊዜ ግን የእርሳሱ ሙያ እየቀረ በፎቶግራፍ የሚሠራ አዲስ የፊደል ለቀማ ዘዴ ተተክቶ ነበር። ውጤቱ ደራሲውን አሳዘነው። የሒሳብ ምልክቶቹ መልካቸው ተበላሽቷል፤ የፊደሎቹ አቀማመጥ ዐይን ይወጋል። አሳታሚውን ወቅሶ መቀመጥ ይችል ነበር። እሱ ግን የፊደል ለቀማ በመሠረቱ ቀለም የት እንደሚያርፍና የት እንደማያርፍ መወሰን ስለሆነ የፕሮግራመርም ሥራ ነው ብሎ ተነሣ።

ሥራው በጥቂት ወራት ያልቃል ብሎ ነበር፤ አሥር ዓመት ያህል ወሰደበት። ከዚህ ድካም «ቴክ» የተባለው የፊደል ለቀማ ፕሮግራምና የፊደላትን ቅርጽ በሒሳብ የሚቀርጸው «ሜታፎንት» ተወለዱ። «ቴክ» የሚለው ስም የተወሰደው ሙያንም ጥበብንም አንድ አድርጎ ከሚጠራው የግሪክ ቃል ነው። ፊደል መቅረጹ ምን ያህል እንደከበደ ለመረዳት፣ በ1980 ስለ አንዲት የላቲን ፊደል ብቻ፣ እንደ እባብ ስለምትጠማዘዘው ስለ «ኤስ»፣ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ማሳተሙን ማየት ይበቃል። እጅ በአንድ ትንፋሽ የምትስለው ኩርባ ለመሣሪያ ሲነገር የሒሳብ ችግር ሆኖ ተገኘ። በ1989 ይህን ዘመኑን መለስ ብሎ ሲመዝን ፕሮግራም መጻፍ መጽሐፍ ከመጻፍ እንደሚከብድ መማሩን ገልጿል።

በዚህ መሐል የተስፋው ቃል ቆመ። አንባቢዎች አራተኛውን ቅጽ ሲጠብቁ ደራሲው ፊደል ይቀርጽ ነበር። ይህ የህሊና ጥያቄ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚጠብቀውን ዕውቀት ትቶ የፊደል መልክ ማሳመር ተገቢ ነውን? ይዘት እያለ ስለ ቅርጽ መጨነቅ ቅንጦት አይደለምን? ለኪነ ጥበብ ሰዎች ይህ የቆየ ክርክር ነው። ክኑዝ በተግባር የሰጠው መልስ እንዲህ ሊጠቃለል ይችላል፦ አንባቢው በቀላሉ ሊያነብበው የማይችለው እውነት ገና ለአንባቢው አልተሰጠም። ቅርጹ የተበላሸ ገጽ ስሕተትን ይደብቃል፤ ንጹሕ ገጽ ግን ስሕተትን ያጋልጣል። ስለዚህ ቅርጽን መንከባከብ እውነትን የመንከባከብ ክፍል እንጂ ከእሱ መሸሽ አይደለም።

ውጤቱም ከአንድ ደራሲ መጽሐፍ አልፎ ሄደ። ክኑዝ ፕሮግራሙን አልሸጠም። ሙሉ ጽሑፉን በ1986 በመጽሐፍ አሳትሞ ማንም እንዲያነብበው፣ እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው ፈቀደ፤ የጠየቀው የተለወጠው ሥራ በሌላ ስም እንዲጠራ ብቻ ነበር። በዚህ ምክንያት የሒሳብና የፊዚክስ ጽሑፎች በየሀገሩ በቴክ መታተም ጀመሩ። የአማርኛና የግዕዝ ጽሑፍም ከዚህ ሥራ ድርሻውን አግኝቷል። በጀርመን በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የተሰባሰቡ ባለሙያዎች የኢትዮጵያን ፊደል በቴክ ለመልቀም የሚያስችል ዝግጅት ሠርተው ለሁሉም በነጻ አቅርበዋል። ሥራው ተቆልፎ ቢሆን ኖሮ የላቲንን ፊደል ለማሳመር የደከመ ሰው ላባ ለግዕዝ ፊደል ባልተረፈ ነበር።

የንብረት ጥያቄ በዚህ አላበቃም። በአሜሪካ የፕሮግራም ስልቶችን እንደ ፈጠራ ሥራ አስመዝግቦ ለብቻ የመያዝ ልማድ ሲስፋፋ፣ ክኑዝ በ1994 ለሀገሩ የፈጠራ መብት መሥሪያ ቤት ኃላፊ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፈ። የስሌት ስልት ለፕሮግራመር፣ ቃል ለደራሲ እንደሆነው ሁሉ የጋራ መሥሪያ እንጂ የግል ርስት ሊሆን እንደማይገባ ተከራከረ።

* * *

የዚህ ሰው ሕይወት ዋና ትምህርት የሚገኘው ግን በ1989 ባሳተመው አንድ ጽሑፍ ውስጥ ነው። የጽሑፉ ርእስ «የቴክ ስሕተቶች» የሚል ነው። ክኑዝ ፕሮግራሙን መጻፍ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ የሠራውን ስሕተትና ያደረገውን እርማት በማስታወሻ መዝግቦ ይዞ ነበር። ከ800 የሚበልጠውን ይህን ዝርዝር በተራ ቁጥር አድርጎ ለሕዝብ አቀረበው። ማቅረብም ብቻ አይደለም፤ በ15 ዓይነት ከፋፈለው። የተዘነጋ ተግባር፣ የተበላሸ ስልት፣ የአጻጻፍ ግድፈት፣ ያልታሰበ ድንገተኛ ችግር፣ የክፍሎች አለመጣጣም፣ ደደብነት የተሞላበት ስሕተት፣ ወዘተ. እያለ ለእያንዳንዱ ስም ሰጠው።

«ሂስና ግለ ሂስ» የሚሉት ቃላት በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ በየስብሰባው የተዘወተሩ ቃላት ነበሩ። ብዙዎች የሚያውቁት ግለ ሂስ እንዲህ ያለ ነው፦ ተናጋሪው ይነሣል፤ ድክመት እንደነበረበት፣ ቸልተኝነት እንደታየበት፣ ወደ ፊት እንደሚያሻሽል ይናገራል፤ ይቀመጣል። የትኛው ድክመት፣ በየትኛው ቀን፣ በማን ላይ ምን ጉዳት እንዳደረሰ አይነገርም። እንዲህ ያለው ግለ ሂስ ከተረቱ አያልፍም፤ «ሰው ነኝና ተሳሳትኩ» ማለት ብቻ ነው። በጥቅል የተነገረ ስሕተት የተሸፈነ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ማንም ሊያርመው አይችልም። እንዲያውም የተናዛዡን ክብር ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ትሑት ያሰኘዋልና።

የክኑዝ መዝገብ ከዚህ የሚለየው በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስሕተቱ በተናጠል ተጽፏል። ሁለተኛ፣ የስሕተቱ ዓይነት ተለይቶ ታውቋል፤ በመዘንጋት የመጣውና በአለማወቅ የመጣው አንድ አይደሉም፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል። ሦስተኛ፣ መዝገቡ የቀረበው ይቅርታ ለመጠየቅ ሳይሆን ሌሎች እንዲማሩበት ነው። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ዐይኑን የሚጥለው በራሱ ላይ ነው፤ መዝገብ የሚከፍት ሰው ግን ዐይኑን የሚጥለው በሥራውና በሚመጣው ሠራተኛ ላይ ነው። ጸጸት የግል ስሜት ነው፤ እርማት ግን ማኅበራዊ ተግባር ነው። አንድ ሰው ክፉኛ ተጸጽቶ ምንም ሳያርም ሊሞት ይችላል። ሌላው ብዙም ሳይጸጸት ሁሉን ሊያርም ይችላል። በሥራው የሚገለገለው ሕዝብ የሚጠቀመው ከሁለተኛው ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ሐሳብም አለው። በ1984 ባወጣው ጽሑፍ፣ ፕሮግራም መጻፍ ለመሣሪያው ትእዛዝ መደርደር ብቻ ሳይሆን ለሰው ልጅ ማስረዳት መሆን አለበት አለ። ፕሮግራመሩ እንደ ድርሰት ጸሐፊ ሐሳቡን በቅደም ተከተል ያብራራ፤ ትእዛዙ በማብራሪያው መካከል ይግባ። የቴክ ሙሉ ጽሑፍ የታተመው በዚህ ዘዴ ተጽፎ ነው። ሐሳቡ የአጻጻፍ ስልት ብቻ ቢመስልም ሥሩ የሥነ ምግባር ነው። ማንም የማይረዳው ሥራ ማንም የማያርመው ሥራ ነው። ግልጽ አድርጎ መጻፍ ራስን ለትችት አሳልፎ መስጠት ነው፤ ድፍን አድርጎ መጻፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥልቀት ሳይሆን ምሽግ ነው። ይህ ለፕሮግራመር ብቻ የተነገረ አይደለም። መመሪያ የሚያረቅቅ ኃላፊ፣ ማስታወሻ የሚያስጽፍ መምህር፣ ሐያሲ ሁሉ ይመለከተዋል።

* * *

ማስተማሩም በዚሁ መንፈስ የተቃኘ ነበር። 28 ተማሪዎች በእሱ አማካሪነት የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አግኝተዋል። በስታንፎርድ ከሰጠው የሒሳብ ትምህርት የተወለደውንና ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ1989 ያሳተመውን «ተጨባጭ ሒሳብ» የሚገልጥ ሰው በገጹ ኅዳግ ላይ ያልተለመደ ነገር ያያል። ትምህርቱን የተከታተሉ ተማሪዎች የጻፉት አስተያየት፣ ቀልድ፣ ማጉረምረምና ተቃውሞ ከመምህራኑ ጽሑፍ ጎን ታትሟል። የመምህሩ ቃል መሐሉን ቢይዝም የተማሪው ድምፅ ከመጽሐፉ አልተባረረም።

በ1974 ያሳተመው አነስተኛ መጽሐፍም ለተውኔት ጸሐፊ ትኩረት የሚስብ ነው። አዲስ የሒሳብ ግኝትን ለማስረዳት የመረጠው ቅርጽ የሁለት ወጣቶች ምልልስ ነው። ሁለቱ ገጸ ባሕርያት ከዓለም ርቀው በባሕር ዳር ሳሉ አንድ የተጻፈበት ድንጋይ ያገኛሉ፤ ከዚያም እየተሳሳቱ፣ እየተራረሙ፣ ተስፋ እየቆረጡና እንደገና እየጀመሩ ሕጉን ራሳቸው ይደርሱበታል። የመማሪያ መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ ያለቀውን እውነት ብቻ ያቀርባል፤ ወደ እውነቱ ሲደረስ የተረገጡትን የተሳሳቱ መንገዶች ይሰርዛል። ተማሪውም የእሱ ብቻ አእምሮ የሚሳሳት ይመስለዋል። መምህሩ የስሕተቱን መንገድ ሲያሳየው ግን መሳሳት የመማር ክፍል መሆኑን ይረዳል።

በቅኔ ቤት የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ተማሪው ያወጣውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ሲነግር መምህሩ ቃል በቃል ያርምለታል፤ ሳይታረም የወጣ ባለቅኔ የለም። ልዩነቱ በዚያ እርማቱ ከላይ ወደ ታች መውረዱ ነው። የክኑዝ ሽልማት መንገዱን በሁለቱም አቅጣጫ ከፈተው፤ ተማሪው መምህሩን ያርማል፤ መምህሩም ያመሰግናል።

* * *

ነገር ግን ይህን ሰው እንከን የለሽ አርአያ አድርጎ ማቅረብ የራሱን ትምህርት መካድ ይሆናል። በሕይወቱ ውስጥ ሁለት አስቸጋሪ ጉዳዮች አሉ።

የመጀመሪያው በሩን መዝጋቱ ነው። ከ1990 መጀመሪያ አንሥቶ ኢሜይል መጠቀም አቆመ፤ በ1993 ደግሞ መጽሐፉን ለመጨረስ ብሎ ቀደም ብሎ ጡረታ ወጣ። ለሁሉም ክፍት ነው የተባለ ሰው እንዲህ ማድረጉ ተቃርኖ አይደለምን? በከፊል ነው። ሆኖም የሚመጣለትን የስሕተት ጥቆማ እየተጠራቀመ እንዲቀርብለት አድርጎ በየጊዜው መመርመሩን አልተወም። ቴክን የሚመለከተው የመጨረሻው ዙር እርማት፣ በ2021፣ ፕሮግራሙ ከተወለደ ከ40 ዓመታት በኋላ የተደረገ ነው። እንግዲህ የዘጋው የወሬውን በር እንጂ የእርማቱን በር አይደለም። ይህም ሆኖ ዋጋ ተከፍሎበታል። ከአራተኛው ቅጽ የመጀመሪያው ክፍል የታተመው በ2011፣ ሁለተኛው በ2022 ነው። ከ1962 ጀምሮ የታቀደው ሥራ አላለቀም፤ የተባሉት ሰባት ቅጾች አልተሟሉም። ፍጹም ለማድረግ መድከም የሚጠብቁትን ማስራብም ነው። ቶሎ የሚሰጥ ጎዶሎ ሥራና ዘግይቶ የሚመጣ የተጣራ ሥራ ሁለቱም ባለዕዳዎች ናቸው፤ አንዱ ለእውነት፣ ሌላው ለጊዜ። ክኑዝ የጊዜ ባለዕዳ መሆንን መረጠ።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ክኑዝ ከ800 የሚበልጡ ስሕተቶቹን ሲያትም የሚያጣው እንጀራ አልነበረም። የታወቀ ሊቅ ነው፤ ወንበሩ የጸና ነው፤ ሽልማቱ በእጁ ነው። ስሕተቱን ቢገልጥ ደመወዙ የሚቆረጥበት የፊደል ለቃሚ፣ ከደረጃው የሚወርድ የበታች ሠራተኛ፣ በክፍል ጓደኞቹ ፊት የሚሳቅበት ተማሪ እሱን ምሰሉ ቢባሉ ፍርዱ ጎዶሎ ነው። የተናዘዘውን የሚቀጣ ቤት የሚያፈራው ስሕተት የሌለበትን ሠራተኛ ሳይሆን ስሕተቱን በመደበቅ የሠለጠነውን ሠራተኛ ነው።

እንግዲህ ስሕተትን የመግለጥ ግዴታ በሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም። ከላይ ባለው ላይ ይበረታል፤ የሚያጣው ጥቂት፣ የሚያስተምረው ብዙ ነውና። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የጻፈውን ተማሪው ሲያርመው በተማሪው ላይ ከተቆጣ፣ ለዓመቱ ሁሉ ክፍሉን ዝም አሰኝቷል። ካመሰገነው ግን 50 አራሚዎች አግኝቷል። ደራሲው በሐያሲው ላይ ቢቀየም፣ አዘጋጁ ተዋናዩ ያቀረበውን ሐሳብ በንቀት ቢያልፍ፣ ኃላፊው የቀረበለትን የጉድለት ዘገባ እንደ ጥላቻ ቢቆጥር፣ ሁሉም ስሕተታቸውን በውድ ዋጋ ገዝተው በቤታቸው ያከማቻሉ። ክኑዝ ስሕተቱን በ2 ዶላር ከ56 ሳንቲም ከሌሎች እጅ ገዝቶ ከሥራው ውስጥ ያስወጣል። ከሁለቱ ርካሹ የትኛው እንደሆነ ሒሳብ የሚያውቅ ሁሉ ሊያሰላው ይችላል።

የቴክ እትሞች የሚጠሩበት ቁጥር ከተራው ልማድ የተለየ ነው። ፕሮግራሙ በታረመ ቁጥር ፓይ ወደሚባለው የክብ ቁጥር አንድ አኃዝ ይጠጋል፤ 3.14፣ 3.141፣ 3.1415 እያለ ይቀጥላል። ቁጥሩ መጨረሻ የለውምና እርማቱ ይቀርባል እንጂ አይደርስም። ክኑዝ እሱ ሲሞት የእትሙ ቁጥር ራሱ ፓይ እንዲሆን፣ ከዚያ በኋላም በፕሮግራሙ ውስጥ የቀረው ስሕተት እንደ ስሕተት ሳይቆጠር እንዳለ እንዲጸና አዟል። በትእዛዙ ውስጥ ቀልድ አለ፤ ከቀልዱ ሥር ግን ለማንኛውም ባለሙያ የማይቀር እውነት አለ። ሠሪው በሕይወት ሳለ ስሕተቱ ስሕተት ነው፤ ሊነገረውና ሊያርመው ይችላል። ሠሪው ሲያልፍ ያልታረመው ሁሉ የሥራው አካል ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ስሕተትን የመግዣው ጊዜ ገበያው ሳይፈታ ነው።